የካርቶኑ ቁጥርና የዱቤ ደብተሩ

ከውጭ የገባ ምግብ፣ መድኃኒት ወይም የሕፃናት መጫወቻ ተበክሎ ሲገኝና ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲወሰን፣ የሚወጣው ማስታወቂያ በየትኛውም ሀገር ተቀራራቢ መልክ አለው። የዕቃው ስም፣ የአምራቹ ስም፣ የተመረተበትና የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን ይገለጽና በመጨረሻ ነጋዴዎቻችን «ባች ቁጥር» የሚሉት፣ በአንድ ዙር የተመረተውን ዕቃ ከሌላው ዙር የሚለየው ቁጥር ይሰፍርበታል። ከእነዚህ ሁሉ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ይኸው ቁጥር ነው። አንድ ፋብሪካ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ጠርሙስ ሊሞላ ይችላል፤ የተበላሸው ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ገንዳ የተቀላቀለው ብቻ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ማስታወቂያው ወይ ደኅናውን ከክፉው ጋር ጠርጎ ያስጥላል፣ ወይ ማንንም ምንም ሳያስጥል ያልፋል። እኔ በምኖርበት በደብረ ማርቆስና በሌሎች የጎጃም ከተሞች በአብዛኛው የሚሆነው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ሸማቹ ዘንድ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ይቀራል።

የት እንደሚቀር ለማሳየት የዘይትን መንገድ ልከተል። ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ከተተከሉ ወዲህም ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ከገበያችን አልጠፋም። ዘይቱ ከጅቡቲ ተጭኖ መርካቶ ይደርሳል፤ ከመርካቶ ጎሐ ጽዮን ዘልቆ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ተሻግሮ ደጀን ይወጣል፤ ደብረ ማርቆስ ጅምላ አከፋፋዩ መጋዘን ይራገፋል፤ ከዚያ በአይሱዙ ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ይበተናል፤ ከእነዚህ ከተሞች ደግሞ በባጃጅና በአህያ ጀርባ ወደ ገጠር ሱቆች ይገባል። እስከ መጨረሻው ነጋዴ ድረስ ቁጥሩ አብሮት ይጓዛል። በሃያ ሊትሩ ጀሪካን አንገት ወይም ጎን ላይ በጥቁር ቀለም የታተሙ ጥቃቅን ነጥቦች ተሰካክተው ፊደልና አኃዝ ሠርተው ይታያሉ።

በሥራ ቀናት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ የአጎቴን የችርቻሮ ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዲት እናት ሃይላንዷን ይዛ ትመጣና «ጋሼ፣ ግማሽ ሊትር ይቅዱልኝ» ትላለች። አጎቴ በጆግ ለክቶ ሃይላንዷ ውስጥ ይገለብጥላታል፤ እሷ ይዛ የምትሄደው ዘይት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስም የለውም፣ ሀገር የለውም፣ ቀን የለውም። ጀሪካኑ ላይ የቀረው ቁጥርም ቢሆን በዘይት የራሰ እጅ ደጋግሞ ሲያዘነብለው ይፈዝዝና ከሁለት ገበያ በላይ አይቆይም። ዘይቱ ሲያልቅ ጀሪካኑ ራሱ ዋጋ ስላለው ገዢ አያጣም፤ በአመድና በፍል ውኃ ይታጠብና የውኃ ወይም የጠላ መያዣ ይሆናል። ብቸኛው ማስረጃ ታጥቦ አገልግሎት ላይ ዋለ ማለት ነው።

የዱቄት ወተቱም ከቆርቆሮው በማንኪያ ተለክቶ በፌስታል ይቋጠራል፤ ከረሜላው ከብርጭቆ ዕቃው በፍሬ ይሸጣል። ይህን አሠራር ለመንቀፍ አልጻፍኩም፤ ሙሉ ጀሪካን መግዛት የሚችል ስንት ሰው አለ? የበለጠ የሚያሳስበኝ የመድኃኒቱ ነው። ክኒን የሚታሸግበት ስትሪፕ ባች ቁጥሩና ቀኑ የሚታተምበት ብዙ ጊዜ አንዱ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ባለ መድኃኒት ቤቱ አራት ፍሬ ለሚፈልግ ሰው ስትሪፑን በመቀስ ሲቆርጥ ቁጥሩ ከግማሾቹ ጋር ይቀራል፤ ሌሎቹ ግማሾች ያለ ቁጥር ይወጣሉ፤ ገዢው የትኛው እንደደረሰው ማየት እንዳለበት እንኳ አያውቅም።

የሀገር ውስጥ ዕቃ ሲሆን የጎጃም እናት መከላከያ አላት። ቅቤ ውስጥ ሙዝ ወይም የፋብሪካ ስብ ተቀላቅሎ እንደሆነ አቅልጣ ታውቃለች፤ ማር ውስጥ ስኳር መግባቱን በምላሷ ትለያለች፤ በርበሬ ውስጥ ሸክላ ተፈጭቶ ቢገባባት ውኃ ውስጥ በትና ዝቃጩን ታያለች። ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ነው፤ ብዙ ጊዜም አያሳስታትም። ከውጭ የሚመጣው ብክለት ግን ለዓይንም፣ ለአፍንጫም፣ ለምላስም የተሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና ሳንሉ የተባለው ኩባንያና ሌሎችም የሸጡት የሕፃናት ወተት ሜላሚን ገብቶበት ነበር። ውኃ የተጨመረበት ወተት ሲመረመር ፕሮቲኑ ሙሉ መስሎ እንዲታይ የሚያደርገው ይህ ኬሚካል በናይትሮጅን የበለጸገ ነው፤ የፕሮቲን ምርመራው ደግሞ የሚለካው ናይትሮጅንን ነው። ማለትም ማታለያው የተፈለሰፈው የላቦራቶሪውን መሣሪያ ለማታለል ነው፤ ማንኪያ ይዛ የምትቀምስ እናትማ ምን ልታውቅ ትችላለች? 6 ሕፃናት ሞቱ፤ 300,000 ያህል ታመሙ። ብስኩትና ከረሜላ እየሆነ ወደ ሌሎች ሀገሮች የሄደውም ወተት ከመደርደሪያ እንዲወርድ ተደርጓል።

ወደ ዘይቱ ልመለስ፤ ለእኛ ገበያ ከሁሉም የቀረበ ሆኖ ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ1981 በስፔን የደረሰው ነው። ለፋብሪካ አገልግሎት ተብሎ ከፈረንሳይ የገባ የጎመንዘር ዘይት ነበር፤ ለምግብ እንዳይውልም ሆን ተብሎ አኒሊን የተባለ ኬሚካል ተጨምሮበታል። ትርፍ ያሳወራቸው ነጋዴዎች ኬሚካሉን ለማውጣት ዘይቱን እንደገና አጣሩት፤ ከሌላ ዘይት ጋር ቀላቀሉትና ምንም ዓይነት ጽሑፍ በሌለው አምስት ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ እየሞሉ፣ በየመንደሩና በየገበያው በሚዞሩ ሻጮች አማካይነት በርካሽ ሸጡት። ገዢዎቹ በአብዛኛው ደኅናውን የወይራ ዘይት የመግዛት አቅም የሌላቸው የሠራተኛ ቤተሰቦች ነበሩ። ማድሪድ አጠገብ የመጀመሪያው ሕፃን ከሞተ በኋላ ሐኪሞች ከአንድ ወር በላይ በሽታውን ያልተለመደ የሳንባ ምች አድርገው ሲያክሙ ቆዩ። በማድሪድ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዶክተር ሁዋን ታቡዌንካ ግን ወላጆቹን ልጆቹ ምን እንደበሉ በጥብቅ መጠየቅ ጀመረ፤ የሁሉም መልስ ያን ከዟሪ ሻጭ የተገዛ ዘይት ወደ መሐል አመጣው። ሰኔ ወር ላይ መንግሥት ሕዝቡን አስጠነቀቀ። በጠቅላላው 20,000 ያህል ሰዎች ታመው ከ300 በላይ ሞተዋል፤ ከተረፉት ብዙዎቹ የነርቭና የጡንቻ ሕመም ይዘው ቀርተዋል፤ የትኛው ቅንጣት እንደገደላቸውም ከብዙ ዓመት ጥናት በኋላ እንኳ በትክክል አልተለየም።

እኔን የሚስበኝ ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። ጽሑፍ የሌለውን ዕቃ በቁጥር ለይቶ መሰብሰብ ስለማይቻል የስፔን መንግሥት የተጠረጠረውን ዘይት ለሚያመጣ ሰው ሁሉ ንጹሕ የወይራ ዘይት በምትኩ እንዲሰጠው አደረገ። ድሃ ሰው ገንዘቡን ያፈሰሰበትን ዘይት «መርዝ ነው፣ ድፋው» ቢሉት እጁ አይታዘዝለትም፤ «አምጣና የተሻለውን ውሰድ» ሲሉት ግን ይሮጣል። እርግጥ ሁሉም ሮጠ፤ ብዙ ሰው ቤት ያለውን ማንኛውንም ዘይት እየተሸከመ መጥቶ በወይራ ዘይት እንደለወጠ፣ ከማን ምን እንደተቀበሉም በቅጡ ባለመመዝገቡ በኋላ ላይ መርዛሙን ዘይት ለማጥናት ለፈለጉት ሳይንቲስቶች ትልቅ ችግር እንደፈጠረ ተጽፏል። ይህን ሳነብ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም፤ ደብረ ማርቆስም ቢሆን እንዲሁ ይሆን ነበር። ቢሆንም ከቤት የወጣው ዘይት ወጥቷል፤ ሰውን በማስፈራራት ብቻ ያን ያህል አይወጣም ነበር።

ሁለተኛው ልቤን የሚይዘው ታሪክ የመድኃኒት ነው። ግሊሰሪን በሽሮፕ፣ በጥርስ ሳሙናና በቅባት ውስጥ የሚገባ ደኅና ፈሳሽ ነው። ዳይኤትሊን ግላይኮል የሚባለው ደግሞ የፋብሪካ ፈሳሽ ሲሆን እንደ ግሊሰሪን ወፈር ያለ፣ ቀለም የሌለው፣ ጣፋጭና ከእሱ የረከሰ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ኩላሊትን ያቆማል። ሕፃኑ መጀመሪያ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ ሽንቱ ይቆማል፤ እናቲቱም መድኃኒቱን አጥብቃ ትሰጠዋለች፤ ምክንያቱም ሕመሙ የባሰበት ይመስላታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በፓናማ ከቻይና ተነሥቶ በስፔን በኩል የመጣ፣ ወረቀቱ ላይ ግሊሰሪን ተብሎ የተጻፈ ፈሳሽ በመንግሥት የሳል ሽሮፕ ውስጥ ገብቶ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በሕንዱ ሜደን ፋርማሲዩቲካልስ የተመረቱ አራት የሕፃናት ሽሮፖችን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ በጋምቢያ 66 ያህል ሕፃናት በኩላሊት መታወክ ሞተው ነበር። ጋምቢያ በወቅቱ መድኃኒት የምትመረምርበት ላቦራቶሪ ስላልነበራት ናሙናው ወደ ውጭ ተልኮ ነው የተረጋገጠው። ሽሮፑን የሰበሰቡት የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ በር እያንኳኩ።

ይህ ቤት ለቤት መዞር አዲስ አይደለም። በዚሁ ፈሳሽ የተሠራ ኤሊክሲር ሰልፋኒላማይድ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ሕፃናትን ጨምሮ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የሀገር ውስጥ ምርት ነበር፤ በቴነሲ ግዛት የሚገኘው የማሴንጊል ኩባንያ ያወጣው 240 ጋሎን ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በመስክ የነበሩትን 239 ተቆጣጣሪዎቹን ከሞላ ጎደል በሙሉ አሰማርቶ 234 ጋሎንና 1 ፓይንት ሰብስቧል፤ የቀረው ተጠጥቷል። ኩባንያው መጀመሪያ የላከው ቴሌግራም መድኃኒቱን መልሱልን ከማለት አልፎ አደገኛ ነው አይልም ነበር፤ ተቆጣጣሪዎቹ አስገድደው ነው ለሕይወት እንደሚያሰጋና የመመለሻውን ወጪም ኩባንያው እንደሚከፍል የሚገልጽ ሌላ ቴሌግራም ያስላኩት። ከዚያ ደግሞ የመድኃኒት ቤቶችን መዝገብ ማገላበጥ ተጀመረ። መዝገቡ ላይ አንዳንዱ ስም ሙሉ ነው፤ አንዳንዱ ግን የአባት ስምም ሆነ አድራሻ የሌለው፣ የሕፃን ስምና የወራት ዕድሜ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት ሰፈር ለሰፈር መጠየቅ ነበረባቸው። አንዲት ሴት ጠርሙሱን አጥፍቼዋለሁ ስትል ቆይታ በመስኮት መወርወሯን ስትናገር፣ ተቆጣጣሪው ከታች ባለው ጠባብ መንገድ ፈልጎ ጠርሙሱን ሳይሰበር፣ ሰው ለመግደል የሚበቃ ፈሳሽ እንደያዘ አገኘው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1938፣ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያስገድደው ሕግ ወጣ።

መጫወቻውን በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ማቴል የተባለው ኩባንያ ቀለማቸው እርሳስ የበዛበት፣ በቻይና የተሠሩ 967,000 የሕፃናት መጫወቻዎችን ከአሜሪካ ገበያ ሰብስቧል፤ ወላጅ መጫወቻውን ገልብጦ የታተመውን የምርት ኮድ ማየት ይችል ነበር። እኛ ጋ በቅዳሜ ገበያ ሸራ ላይ የሚዘረጋውን መጫወቻ ብትገለብጡት ግን የምታገኙት ባዶ ፕላስቲክ ነው።

ቁጥር ሲኖር ነገሩ ምን ያህል እንደሚቀልል የታየው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ነው። የናይጄሪያ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በደቡብ አፍሪካ የተመረተ ቤኒሊን ፔዲያትሪክ የተባለ የሕፃናት ሽሮፕ፣ ባች ቁጥር 329304፣ ዳይኤትሊን ግላይኮል በዝቶበት አገኘሁት ብሎ አስታወቀ። አምራቹ በበኩሉ ያስቀረውን ናሙና መርምሮ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላገኘ ተናግሯል፤ ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ እዚህ አልሞክርም። ነገር ግን ክርክሩ እስኪጠራ ድረስ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ዚምባብዌ ሽሮፑን ሁሉ ሳያግዱ ያንን ባች ብቻ እንዲሰበሰብ ማዘዝ ችለዋል። አንዲት የናይሮቢ እናት ጠርሙሷን አንሥታ ስድስት አኃዝ ማነጻጸር ትችላለች።

እኛስ? ሕጉ አለን። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምርትን የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቶታል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ባለሥልጣኑ የተከለከሉ የዘይት፣ የጨው፣ የከረሜላና የለውዝ ቅቤ ዓይነቶችን ስም እየዘረዘረ ማስታወቂያ ሲያወጣ ቆይቷል፤ 8482 የሚባል ነፃ የስልክ መስመርም አለው። ማስታወቂያው የሚወጣው ግን በአብዛኛው በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በአዲስ አበባ ሚዲያ ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት አንድም ዝርዝር ሱቃችን አልደረሰም፤ ከዚያ በፊትም የሚደርሰው አንድ ደንበኛ ስልኩን ዘርግቶ ሲያሳየን ነበር። ማስታወቂያው ቢደርስ እንኳ የሚናገረው ስለ ካርቶንና ስለ ጀሪካን ነው፤ ሰሚው ግን ያለው ሃይላንድና ፌስታል ነው።

ስለ ወጪ ንግዳችን አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ነገሩን ያጎላዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰሊጥ ሳልሞኔላ ለተባለው ባክቴሪያ፣ ቅመማ ቅመም ደግሞ አፍላቶክሲን ለተባለው የሻጋታ መርዝ ተጨማሪ ፍተሻ ከሚደረግባቸው ምርቶች መካከል ገብተዋል። አንድ ጭነት ሲወድቅ ከየትኛው ላኪ እንደመጣ ስለሚታወቅ ወሬው በፍጥነት ወደ እኛ ይመለሳል። የእኛ ከረጢት እነሱ ወደብ ላይ ቁጥሩ ይነበባል፤ ከውጭ የሚመጣው ጀሪካን ግን እኛ ሱቅ ውስጥ ቁጥሩ በዘይት ይታበሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩን የሚያስረው ገንዘብ ነው፤ ይህን ደግሞ ደጋግሜ ካየሁት በመነሣት እናገራለሁ። ቸርቻሪው ዕቃውን ከጅምላ ነጋዴው ሲገዛ ብዙ ጊዜ ደረሰኝ አይሰጠውም፤ ቢሰጠውም ዝርዝሩ «ዘይት፣ 10 ጀሪካን» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ ዕቃው ተከለከለ ሲባል ለማን መልሶ ገንዘቡን ይጠይቃል? ተቆጣጣሪ ቢመጣ ዕቃው ይወረሳል፣ ይቃጠላል፣ ከዚያም አልፎ ሊቀጣ ይችላል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ የገባ ነጋዴ ሦስት ምርጫ አለው፤ ዕቃውን በኪሳራ መድፋት፣ ደብቆ ቀስ እያለ መሸጥ፣ ወይም ወሬው ላልደረሰው ገጠር በርካሽ ማስወጣት። ደጋግ ነጋዴዎች አሉ፤ ነገር ግን አሠራርን በደግነት ላይ መሥራት አይቻልም። በሱቃችን አካባቢ አንድ ጊዜ የታገደ ብስኩት ከመደርደሪያ ሲነሣ ካርቶኖቹ በማግሥቱ ወደ ገጠር በሚሄድ ባጃጅ ላይ ተጭነው አይቻለሁ። ባለቤቱን ክፉ ሰው ነው ለማለት ይከብደኛል፤ የተበደረውን ብር የሚከፍልለት ማንም አልነበረም። ስለዚህ አስመጪው የተመለሰለትን ዕቃ ዋጋ እንዲከፍል የሚያስገድድ፣ ክፍያውም በጅምላ ነጋዴው በኩል እስከ ቸርቻሪው የሚወርድ አሠራር እስካልተዘረጋ ድረስ፣ የሚወጣው ማስታወቂያ ዕቃውን ከከተማ ወደ ገጠር ከማሸሽ የበለጠ ሥራ አይሠራም ብዬ አምናለሁ።

ይሁንና ገንዘቡ እስኪመጣ ቁጥሩን ማዳን ይቻላል፤ ለዚህ የሚሆን መዝገብ ደግሞ በእጃችን አለ። የጎጃም ሱቅ ያለ ዱቤ ደብተር አይኖርም። የአጎቴ ደብተር ጠርዙ በዘይት የጠቆረ ወፍራም ጥራዝ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ የአንድ ቤተሰብ ነው። የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም ከላይ ይጻፋል፤ ከሥሩ ቀኑ፣ የተወሰደው ዕቃ፣ መጠኑና ዋጋው በተርታ ይወርዳል። «ሚያዝያ 11፣ ዘይት 1 ሊትር፣ ስኳር ግማሽ ኪሎ፣ የዱቄት ወተት 5 ማንኪያ።» ቤታቸው የት እንደሆነ አጎቴ በቃሉ ያውቃል፤ ስልካቸውም ሽፋኑ ላይ አለ። በ1937 የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች አድራሻ የሌለው ስም ይዘው ሲንከራተቱ የተመኙት መዝገብ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ከየትኛው ጀሪካን እንደተቀዳ ብቻ አይናገርም።

ይህን ለአጎቴ ባነሣሁለት ጊዜ መጀመሪያ ሳቀብኝ። «አንተ ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ቁጥር ልጽፍ ነው እንዴ? ሰልፉ በር ላይ ቆሞ እኔ ነጥብ ልቁጠር?» አለኝ። ትክክል ነበር። ትንሽ ካሰብን በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ሰው መጻፍ እንደማያስፈልግ ገባን። ጀሪካኑ ሲከፈት፣ ቁጥሩ ገና ሳይፈዝዝ፣ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የተከፈተበትን ቀንና ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል። በሱቁ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚከፈተው አንድ ጀሪካን ስለሆነ የዱቤው ቀን ራሱ ጀሪካኑን ያመለክታል። ለወተቱ ቆርቆሮም እንዲሁ ነው። ከስልክ ጋር የተላመደ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን ፎቶ ማንሣት ይበቃዋል፤ ፎቶው ቀኑን ራሱ ይይዛል።

አሠራሩ የማይሸፍነው ነገር ብዙ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ሰው፣ በተለይም ቅዳሜ ከየጁቤና ከሉማሜ ለገበያ መጥቶ የሚመለሰው፣ ስሙ የትም አይገኝም፤ ለእሱ ያለው መንገድ የቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት፣ የመስጊድ ደጅና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞር ሥራቸው ስለሆነ፣ በጋምቢያ በጎ ፈቃደኞቹ የሠሩትን ለመሥራት ከእነሱ የሚቀርብ የለም፤ ግን ዝርዝሩ በወረቀት ታትሞ እጃቸው መግባት አለበት። በኮንትሮባንድ የሚገባው ዕቃ ደግሞ ከመነሻው የሚታመን ቁጥር ላይኖረው ይችላል፤ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም በላዩ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበት ቆርቆሮ አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለውን መልሶ ለጅምላ ነጋዴው መስጠት እንጂ መክፈት አይገባም ባይ ነኝ፤ አጎቴ በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተስማማም፤ ጅምላ ነጋዴው ቢቀየመው በሚቀጥለው ሳምንት ዘይት ከየት እንደሚያገኝ ይጠይቀኛል።

ለገዢ የምነግረው ከፓናማ የሰማሁትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤድዋርዶ አሪያስ የተባለ፣ ኩና ከሚባለው የፓናማ ነባር ሕዝብ የተወለደ የመንግሥት ሠራተኛ ፓናማ ሲቲ ውስጥ ሱቅ ገብቶ በርካሽ የተደረደረ የጥርስ ሳሙና ጀርባ ሲያነብ፣ ዳይኤትሊን ግላይኮል የሚል በግልጽ ተጽፎበት አየ። ባለፈው ዓመት ሰው የፈጀው ሽሮፕ ትዝ አለውና ዕቃውን ገዝቶ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየላኩት፣ ለጤና ባለሥልጣናት አስረከበ። ከዚያ በኋላ ከቻይና የመጣ እንዲህ ያለ የጥርስ ሳሙና ከብዙ ሀገሮች መደርደሪያ ተነሣ። በእኛ ሱቅ ያሉት ጽሑፎች አንዳንዶቹ በዓረብኛ፣ አንዳንዶቹ በቻይንኛ ወይም በቱርክኛ ስለሆኑ ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅብንም፤ ቀኑንና ባች ቁጥሩን ግን ብዙ ጊዜ በምናውቀው አኃዝ ስለሚጻፉ መለየት ይቻላል። ለልጅ የሚሰጥ ሽሮፕ ሲሆን ካርቶኑን ልጁ እስኪድን አለመጣል፣ ክኒን ሲሆን ቁጥሩ ያለበትን ጠርዝ ባለ መድኃኒት ቤቱ እንዲቆርጥልን መጠየቅ፣ የዱቄት ወተት በማንኪያ ስንገዛ ቆርቆሮውን አሳዩን ብለን ፎቶ ማንሣት ገንዘብ አያስወጣም። ሕፃኑ ሽሮፕ ከጀመረ በኋላ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከቆመ መድኃኒቱን አቁሞ ጠርሙሱን ከነካርቶኑ ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ጠርሙሱን ካላየ ምክንያቱን በሌላ ነገር ሊፈልገው ይችላል።

አጎቴ የመጨረሻውን ገጽ ከከፈተ ወዲህ ዘይትና ወተት ብቻ ሲመዘግብ ቆይቷል። የሳሙናና የቅባቱን ለምን እንደተወው ብጠይቀው ሳይከፈቱ በሙሉ ስለሚሸጡ ቁጥራቸው ከገዢው ጋር ይሄዳል አለኝ፤ እኔም በዚህ ተስማምቻለሁ። አሁን የምንከራከረው ከጅምላ ነጋዴው ስለሚሰጠው ደረሰኝ ነው። «ዘይት፣ 10 ጀሪካን» ከሚለው ጎን ባች ቁጥሩ ይጻፍልን ብለን ብንጠይቅ፣ ጸሐፊው እያንዳንዱን ጀሪካን ገልብጦ ለማየት ጊዜ የለኝም ይላል። እኛ ራሳችን ሲራገፍ ብንጽፈውና እሱ ቢፈርምበትስ ብለን አቅርበንለታል፤ መልሱን ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ እንደሚነግረን ተናግሯል።